የቀን ሥራው ሳይቆጠር የሚወጣ ትንበያ

ክረምቱ ሲገባ ከደጋማና ወይና ደጋማ ወረዳዎች በርካታ ወጣቶችና አባወራዎች ወደ መተማ፣ ቋራና ሁመራ ቆላማ እርሻዎች ይወርዳሉ። መጀመሪያ ለሰሊጥ አረም፣ ቀጥሎ ለአጨዳ ይሰማራሉ። ሲመለሱ የሚይዙት ገንዘብ ለዘይትና ለጨው፣ ለልጆች ደብተር፣ ለማዳበሪያ፣ አንዳንዴም ለቆየ ዕዳ ይውላል። ከቤት የቀሩት ደግሞ እንጨትና ከሰል ይሸጣሉ፤ ጠላና አረቄ ያወጣሉ፤ ጉሊት ይቸረችራሉ፤ ጥጥ ይፈትላሉ፤ በጎረቤት ማሳ ላይ በቀን ሂሳብ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ።

ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ ይህ ሁሉ ገቢ ነው። ነገር ግን ውል አይጻፍለትም፤ በደመወዝ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። በወረዳው የምርት ግምገማ ሪፖርት ላይም ብዙውን ጊዜ ቦታ አያገኝም። ሪፖርቱ ስንት ሄክታር እንደተዘራ፣ ከሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚጠበቅ፣ ተባይና በረዶ ምን ያህል ማሳ እንደጎዳ ይዘረዝራል። በመጪው ዓመት ስንት ቤተሰብ እንደሚቸገር የሚገመተው በአመዛኙ ከዚሁ ተነስቶ ነው።

ግምቱ ወረቀት ላይ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። እርዳታ ለማን እንደሚደርስ፣ የልማታዊ ሴፍቲኔት ተጠቃሚ ማን እንደሚሆን፣ ማንስ «ራሱን ችሏል» ተብሎ ከመዝገብ እንደሚወጣ የሚወሰነው በእሱ ላይ ተመሥርቶ ነው። የድሃው ቤተሰብ ገቢ ጉልህ ክፍል ሳይቆጠር የሚወጣ ትንበያ ደግሞ በሁለት አቅጣጫ ይስታል፤ የተቸገረውን ደህና ነው ይላል፤ ደህናውን ተቸግሯል ይላል።

መደበኛ ያልሆነ ሥራ የምንለው የትኛውን ነው?

በተለምዶ «መደበኛ ያልሆነ ሥራ» ሲባል የከተማ ጎዳና ንግድ ብቻ ትዝ ይለናል። ትርጉሙ ግን ከዚያ ይሰፋል። ያለ ጽሑፍ ውል፣ ያለ ጡረታና ያለ ሕመም ፈቃድ የሚሠራ ማንኛውም ቅጥር፣ እንዲሁም ያልተመዘገበ የግል ሥራ በዚህ ውስጥ ይገባል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 2 ቢሊዮን ያህል ሰዎች፣ ማለትም በሥራ ላይ ካለው ሕዝብ ከመቶ 61 ያህሉ፣ በዚህ ዓይነት ሥራ ይተዳደራሉ ብሏል። በአፍሪካ ድርሻው ከመቶ 85.8 ነው። በዓለም ደረጃ በግብርናው ዘርፍ ከሚሠሩት ደግሞ ከመቶ 90 በላይ የሚሆኑት መደበኛ ባልሆነ ሁኔታ የሚሠሩ ናቸው።

በገጠር ቀበሌዎቻችን ይህ ሥራ ብዙ መልክ አለው። በቀን ሂሳብ የሚታጨድ አለ፤ በኮንትራት ለሄክታር የሚታረም አለ፤ በዓመት ሂሳብ የሚቀጠር እረኛና አራሽ አለ። መሬት የሌለው ወጣት የሌላውን ማሳ በእኩል ወይም በሲሶ ያርሳል። ወንፈልና ደቦ ገንዘብ ባይከፈልባቸውም ጉልበት በጉልበት የሚመለስባቸው ናቸው። ስለዚህ «ሥራህ ምንድን ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ገበሬ ነኝ» ቢልም፣ የዓመቱን ቀለብ የሸፈነለት ማሳው ብቻ ላይሆን ይችላል።

የመሬቱ ጉዳይ እዚህ ላይ ትልቅ ትርጉም አለው። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ብዙዎቹም ጎጆ ወጥተዋል። ከወላጅ ላይ ተቆርሶ የሚሰጥ ቁራሽ መሬት ያገኘ አለ፤ ምንም ያላገኘም አለ። ለዚህ ትውልድ የቀን ሥራ ትርፍ ጊዜን ማሳለፊያ ሳይሆን ዋና መተዳደሪያ ነው።

ድህነት የሚለካበት መንገድ

በአገር ደረጃ ድህነት የሚለካው በቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ነው። መረጃ ሰብሳቢዎች በናሙና ወደተመረጡ ቤቶች እየሄዱ ቤተሰቡ ምን እንደበላና ምን እንደገዛ ይመዘግባሉ። ከዚያም ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ምግብ፣ ሲደመርም ለልብስ፣ ለመጠለያና ለመሳሰሉት የሚያስፈልገው ወጪ ተሰልቶ የድህነት ወለል ይወጣል። በ2008 ዓ.ም ጥናት ይህ ወለል ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር።

በዚህ መለኪያ በ1988 ዓ.ም ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ 45.5 ከወለሉ በታች ነበር። በ1997 ዓ.ም ወደ 38.7፣ በ2003 ዓ.ም ወደ 29.6፣ በ2008 ዓ.ም ወደ 23.5 ወርዷል። በ2008 ዓ.ም የገጠሩ ከመቶ 25.6፣ የከተማው 14.8፣ የአማራ ክልል ደግሞ 26.1 ነበር። መሻሻሉ እውነት ነው፤ ቀላልም አይደለም።

የገቢ ልዩነትን ለመለካት የሚያገለግለው «ጂኒ» የሚባለው ቁጥር ነው። ሁሉም ሰው እኩል ቢኖረው ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል፤ ሁሉ ነገር በአንድ ሰው እጅ ቢሆን 1 ይሆናል። በአገር ደረጃ ይህ ቁጥር በ2003 ዓ.ም 0.30 ነበር፤ በ2008 ዓ.ም ወደ 0.33 ከፍ ብሏል። ድህነት ሲቀንስ ልዩነት ሊሰፋ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። የዓለም ባንክ ከ1997 እስከ 2003 ዓ.ም ያለውን ጊዜ መርምሮ ያገኘውም ይህንኑ የሚያጠናክር ነው። በዚያ ወቅት አማካዩ ቢሻሻልም እጅግ ድሃ የሆኑት ፍጆታ አልተሻሻለም፤ እንዲያውም አሽቆልቁሏል። የምግብ ዋጋ መናር ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። እህል የሚሸጠው ገበሬ ከዋጋው ሲጠቀም፣ ጉልበቱን ሸጦ እህል የሚገዛው ተጎድቷል።

እንዲህ ያለ ጥናት በየዓመቱ አይካሄድም፤ በመካከል ዓመታት ያልፋሉ። በመካከል ያለው ጊዜ የሚሞላው በግምት ነው። የተለመደው አሠራር የመጨረሻውን ጥናት መነሻ አድርጎ፣ ኢኮኖሚው ባደገበት ልክ የሁሉም ቤተሰብ ፍጆታ በእኩል መጠን እንዳደገ መቁጠር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ድክመቱም እዚያው ላይ ነው። የሰሊጥ ባለሀብቱና የሰሊጥ አጫጁ በአንድ ዓመት እኩል አያድጉም። ጥናቱ በመኖሪያ ቤት መዝገብ ላይ የተመሠረተ በመሆኑም በእርሻ ካምፕ የሚያድረው፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚለው ሠራተኛ ከናሙናው ለማምለጥ ቅርብ ነው።

ወሎ ያስተማረን

ምርትን ብቻ ማየት ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚያሳየው ከሩቅ አገር የመጣ ምሳሌ አይደለም። በ1965 ዓ.ም በወሎ የደረሰው ረሃብ በዓለም የምጣኔ ሀብት ትምህርት ውስጥ የሚጠቀስ ነው። ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርቲያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንን ረሃብ መርምረዋል። በጥናታቸው መሠረት በአገር ደረጃ የምግብ ምርት ያን ያህል አልወደቀም ነበር፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ረሃቡን በሚመጥን ደረጃ አልናረም። ወሎ ውስጥ ሰብል መጥፋቱ እርግጥ ነው። ገበሬው ሰብሉን ሲያጣ ግን የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጥቷል። የሚገዛ ስለጠፋ ዋጋው አልጨመረም፤ እህሉም ወደ ወሎ አልገባም።

ከተጎዱት መካከል ጭሰኞች፣ ከጌቶቻቸው የተባረሩ የእርሻ አገልጋዮች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ሸማኔዎችና ሌሎች ባለእጆች ይገኙበታል። አንዳንዶቹ ከመጀመሪያውም የራሳቸው ማሳ አልነበራቸውም። ገበሬው ሲቸገር አገልጋዩን ያሰናብታል፤ ጋቢ አያሠራም፤ ማረሻ አያስቀጥልም። በዚህ መንገድ ችግሩ ከማሳው ወጥቶ በጉልበቱና በእጅ ሙያው ወደሚኖረው ሰው ይተላለፋል።

ዛሬ ጭሰኝነት የለም፤ መንገዱም ገበያውም ተለውጧል። መሠረታዊው ነጥብ ግን አልተለወጠም። አንድ ቤተሰብ የሚራበው አገር እህል ስላጣ ብቻ አይደለም፤ እህሉን የሚያገኝበት መንገድ ሲዘጋበት ነው። ያ መንገድ የራስ ማሳ ሊሆን ይችላል፤ የቀን ሥራም ሊሆን ይችላል።

በአንድ ቤተሰብ ሲሰላ

በአገራችን ለቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ የሚያገለግለው የቤተሰብ ኢኮኖሚ ትንተና ዘዴ ይህንን ለመያዝ የተዘጋጀ ነው። በዚህ ዘዴ አገሪቱ በኑሮ ዘይቤ ከ170 በላይ ቀጠናዎች ተከፍላለች። በየቀጠናው ቤተሰቦች እጅግ ድሃ፣ ድሃ፣ መካከለኛና የተሻለ ተብለው ይመደባሉ። ለእያንዳንዱ ምድብ በመደበኛ ዓመት ከራስ ምርት፣ ከእንስሳት፣ ከቀን ሥራና ከሌላ ምንጭ ምን ያህል እንደሚገኝ ይጠናል። ከዚያም የዓመቱ ለውጥ ተጨምሮ ይሰላል። ዘዴው የቀን ሥራን ይቀበላል፤ ችግሩ ወረዳው የሥራውን መረጃ ካልላከ የሚሞላው አሮጌው ቁጥር መሆኑ ነው።

እንዴት እንደሚሰላ በምሳሌ እንመልከት። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የቀረቡ ሳይሆኑ ለማስረዳት የታሰቡ ናቸው።

አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ ቢያስፈልገው፣ ለዓመቱ ወደ 11 ኩንታል የሚጠጋ እህል ይፈልጋል። ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለልብስ፣ ለትምህርትና ለዘር የሚያስፈልገው በእህል ሲመነዘር 2 ኩንታል ይሁን፤ በጠቅላላው 13 ኩንታል። አንድ ድሃ ቤተሰብ በመደበኛ ዓመት ከማሳው 5 ኩንታል ያገኛል እንበል። ከቀን ሥራ 100 ቀን ሠርቶ፣ የአንድ ቀን ክፍያ 5 ኪሎ ማሽላ ቢገዛ፣ ሌላ 5 ኩንታል ይሆናል። እንጨት፣ ዶሮና ጠላ ሸጦ 3 ኩንታል ቢያገኝ 13 ይሞላል። ጎረቤቱ የሆነ መካከለኛ ገበሬ ደግሞ ከማሳው 16 ኩንታል ያገኛል፤ ለ20 ቀን የጉልበት ሥራ 1 ኩንታል ከፍሎ 15 ይቀርለታል።

በቀጣዩ ዓመት ዝናቡ ጥሩ ሆነ፤ ምርት በመቶ 10 ጨመረ። በአገር ደረጃ ባለው የዋጋ ንረት ግን ማሽላ በኪሎ ከ40 ብር ወደ 70 ብር ወጣ። የቀን ክፍያው ከ200 ብር ወደ 245 ብር አደገ። በብር ካየነው ሠራተኛው ተጠቅሟል፤ በእህል ካየነው ግን የቀን ድካሙ የሚገዛለት ከ5 ኪሎ ወደ 3.5 ኪሎ ወርዷል። በዚያ ላይ ወደ ቆላ የሚወስደው መንገድ በመዘጋቱ የሚሠራበት ቀን ከ100 ወደ 70 ቀነሰ።

አሁን እንደምር። ድሃው ቤተሰብ ከማሳው 5.5 ኩንታል፣ ከቀን ሥራ 2.45 ኩንታል፣ ከሌላው 3 ኩንታል አገኘ፤ በጠቅላላው 10.95። ቀለቡን ለጥቂት ሸፈነ፤ ለዘር፣ ለልብስና ለትምህርት ግን ምንም አልቀረውም። ጎረቤቱ 17.6 ኩንታል አምርቶ ለጉልበት በእህል ሲመነዘር 0.7 ከፈለ፤ 16.9 ቀረው።

የወረዳው ሪፖርት «ምርት በመቶ 10 ጨምሯል» ይላል፤ ልክ ነው። የሁለቱ ቤተሰቦች አማካይ ከ14 ወደ 13.9 ኩንታል ነው የሄደው፤ ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ከ2 ኩንታል ወደ 6 ኩንታል ገደማ ሰፍቷል። በምርት ዓመቱ ጥሩ ነው፤ በአማካይ እንደነበረ ነው፤ ለድሃው ግን ዘሩን የሚበላበት ዓመት ነው። የቀን ሥራው ካልተቆጠረ ይህ ሦስተኛው እውነት ከሪፖርቱ ውስጥ አይገኝም።

ተቃራኒውም ይከሰታል። የአንድ ቀበሌ ሰብል በበረዶ ተጎድቶ፣ በአካባቢው የመንገድ ወይም የመስኖ ግንባታ ሥራ ተከፍቶ ከሆነ፣ ችግሩ ከማሳው ጉዳት የቀለለ ሊሆን ይችላል። ሰፊ ድርቅ ሲሆን ግን ነገሩ ይከፋል። ሥራ ፈላጊው ይበዛል፤ ቀጣሪው ያንሳል፤ ክፍያው ይወርዳል፤ በዚያው ጊዜ የእህል ዋጋ ይወጣል። የበግና የፍየል ዋጋም ሁሉም ስለሚሸጥ ይወድቃል። ድሃው በመቀስ እንደሚቆረጥ ከላይም ከታችም ይጨመቃል።

ከሰሊጥ ማሳ እስከ ደጋው ጎጆ

የቆላው ጉልበት ገበያ የደጋውን ኑሮ እንዴት እንደሚነካ ለመረዳት የጊዜ ሰሌዳውን ማየት ይበቃል። የሰሊጥ አረም በአብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ አጨዳው መስከረምና ጥቅምት ላይ ይበረታል። በደጋው ያለው ሰብል የሚደርሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ስለዚህ የቆላው ሥራ የሚገኘው የደጋው ጎተራ በተሟጠጠበት ወቅት ነው። ያ ገንዘብ ሲቀር ቤተሰቡ ያልደረሰ ሰብል ለመሸጥ፣ ከአራጣ አበዳሪ ለመበደር ወይም በሬውን ለመሸጥ ይገደዳል።

ሰሊጥ ከቡና ቀጥለው ከሚጠቀሱ የወጪ ምርቶቻችን አንዱ ነው። ዋጋው የሚወሰነው በውጭ ገበያ ጭምር ነው። የዓለም ዋጋ ሲወርድ ወይም ዝናብ ሲያጥር ባለእርሻው የሚዘራውን ሄክታር ይቀንሳል፤ አረሙን ሁለት ጊዜ ከማሳረም በአንድ ጊዜ ያበቃል። ይህ ውሳኔ ከጥቂት ወራት በኋላ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ባለ የደጋ ቀበሌ ውስጥ የጎደለ ገቢ ሆኖ ይታያል። የመንገድ መዘጋትና የጸጥታ ችግርም እንዲሁ ነው። በ2012 ዓ.ም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት እንቅስቃሴ በተገደበበት ወቅትም የጉልበት ገበያው ተስተጓጉሎ ነበር።

ጉዳዩ ለባለእርሻውም የህልውና ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬ መያዣው ይሰነጠቃል፤ በጊዜ ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ሠራተኛ በቀናት ውስጥ ካልተገኘ የዓመቱ ድካም ይባክናል። የሠራተኛ ቁጥር አስቀድሞ ቢታወቅ ለላኪውም ለተቀባዩም ወረዳ ይጠቅማል።

ጤናም የዚሁ ሂሳብ አካል ነው። በመተማና ሁመራ ቆላዎች ወባና ካላዛር የወቅታዊ ሠራተኞች ዋና ጠንቆች ናቸው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር ትበዛለች፤ ሜዳ ላይ የሚያድረው ሠራተኛ ደግሞ በቀጥታ ይጋለጥላታል። ታሞ የተመለሰ ሰው ገንዘብ ከማምጣት ይልቅ የቤተሰቡን ጥሪት ለሕክምና ያስወጣል። ለረጅም ጊዜ የማይለቅ ትኩሳት፣ የሆድ ማበጥና ክብደት መቀነስ ያየ ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

መዝገብ የሚያሳስትበት ሌላ መንገድ

መሬት ያላትን ሴት አባወራ እንውሰድ። በመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ባለይዞታ ናት። በሬና አራሽ ስለሌላት ግን ማሳዋን በእኩል ሰጥታ ግማሹን ምርት ብቻ ትወስዳለች። ቀሪውን ቀለቧን የምትሸፍነው በፈትል፣ በጠላና በሰው ቤት ሥራ ነው። የይዞታ መዝገቡ ብቻ ከታየ ከመካከለኛ ገበሬ ጋር ልትመደብ ትችላለች። በእኩል የሚያርሰው ወጣት ደግሞ በመዝገቡ ላይ መሬት አልባ ነው፤ ነገር ግን ከሁለት ሦስት ማሳ ግማሽ ግማሽ ምርት ያስገባ ይሆናል። ሁለቱም በተሳሳተ ምድብ ውስጥ ይገባሉ።

የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም ሲጀመር ተጠቃሚዎቹን ማኅበረሰቡ ራሱ እንዲመርጥ የተደረገው ለዚህ ነበር። ጎረቤት ማን በምን እንደሚኖር ያውቃል። በመርሐ ግብሩ የመጀመሪያ አሠራር አንድ ሰው በወር 5 ቀን በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ተሠማርቶ በቀን 3 ኪሎ፣ በወር 15 ኪሎ እህል ወይም ተመጣጣኝ ገንዘብ ያገኝ ነበር። ሥራው የሚካሄደው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት የክረምት ወራት በቆላው ሥራ የሚሸፈኑ ናቸው። ቆላው ሳይሳካ የቀረለት ቤተሰብ በሁለቱ መካከል ይወድቃል።

የምርጫ ኮሚቴ ስለ ቀን ሥራ ሲጠይቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰው «ወደ ሁመራ ሄጄ ነበር» ብሎ በመናገሩ ከመዝገብ እሰረዛለሁ ብሎ ከፈራ እውነቱን አይናገርም። ጥያቄው ለመቅጣት ሳይሆን የቀጣዩን ዓመት ችግር አስቀድሞ ለማወቅ መሆኑ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ወረዳና ቀበሌ ምን ይመዝግቡ?

የሚያስፈልገው አዲስ መሥሪያ ቤት ወይም ውድ ጥናት አይደለም። የገበያ ዋጋ መረጃ የሚሰበስበው ባለሙያ በዚያው ቀን ጥቂት ጥያቄዎች ቢጨምር ይበቃል።

አንደኛ፣ የቀን ክፍያ። በወረዳው ከተማ የቀን ሠራተኛ በሚቆምበት ቦታና በሁለት ሦስት ቀበሌዎች የወንድና የሴት ክፍያ ለየብቻ ይመዝገብ። ቀጣሪው ምግብ የሚያበላ ከሆነም ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ክፍያው የሚገዛው እህል። የቀን ክፍያውን በዚያው ገበያ በብዛት በሚበላው እህል የኪሎ ዋጋ ማካፈል ነው። ውጤቱ ከወር ወር ቢመዘገብ ከማንኛውም ረጅም ሪፖርት ቀድሞ አደጋን ይናገራል። ከባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ማነጻጸር ግን ግድ ነው፤ ጥርን ከነሐሴ ጋር ማነጻጸር ያሳስታል።

ሦስተኛ፣ የሥራ ቀናት። ክፍያው ከፍ ብሎ ሥራው ከሌለ ዋጋ የለውም። በወሩ ውስጥ ስንት ቀን ሥራ እንደተገኘ ጥቂት ሠራተኞችን መጠየቅ በቂ ግምት ይሰጣል።

አራተኛ፣ የሄደና የተመለሰ። ቀበሌው ወደ ቆላ የሄዱትን፣ የተመለሱበትን ጊዜና በአማካይ ይዘው የመጡትን ይጠይቅ። ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ የተመለሰ ብዙ ሰው ካለ ወይም ሴቶችና ልጆች ባልተለመደ ሁኔታ ለሥራ ከወጡ፣ ምልክቱ ከባድ ነው።

አምስተኛ፣ ከአማካይ በተጨማሪ ምድብ። ሪፖርቱ «የቀበሌው ቤተሰብ» ከሚል መሬት የሌለውን፣ በሬ የሌለውን፣ ሴት አባወራንና የተሻለውን ለየብቻ ያሳይ። የገቢ ልዩነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ስድስተኛ፣ ከተቀባይ ወረዳ ጋር መነጋገር። መተማና ቋራ ላይ በዚህ ክረምት ምን ያህል ሰሊጥ እንደተዘራ የደጋው ወረዳ ሰኔና ሐምሌ ላይ ቢጠይቅ፣ የመስከረምን ገቢ ሁለት ወር ቀድሞ ሊገምት ይችላል።

ይህ መረጃ ለግብርና፣ ለአደጋ መከላከልና ምግብ ዋስትና፣ እንዲሁም ለሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤቶች በአንድነት ቢደርስ ሦስት ቦታ ሦስት የተለያየ ቁጥር ከመያዝ ያድናል።

አርሶ አደሩና ሠራተኛው ምን ያድርጉ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በቃልም ሊደረግ እንደሚችል ይፈቅዳል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ግን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የሥራው ዓይነትና ቦታ፣ የክፍያው መጠንና የሚሰላበት መንገድ፣ የሚከፈልበት ጊዜና የውሉ ዘመን በዚያ ላይ ይሰፍራሉ። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላ ልጅ መቅጠር በአዋጁ የተከለከለ ነው።

ወደ ቆላ የሚወርድ ሠራተኛ ቢያንስ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ እነዚህን ማስፈር ይገባዋል፤ የአሠሪው ስምና አድራሻ፣ ክፍያው በቀን ነው ወይስ በሄክታር፣ ምግብና መጓጓዣ በማን ነው፣ ቢታመም ማን ያሳክመዋል፣ ሂሳቡ መቼ ይዘጋል። በሄክታር የሚዋዋል ከሆነ ማሳውን ሳያይ ዋጋ አይቁረጥ፤ አረም የበዛበት አንድ ሄክታር ከንጹሑ ሁለት ሄክታር ይበልጥ ሊያደክም ይችላል። ከአንድ ቀበሌ የሚሄዱ ሰዎች በቡድን ሆነው አንድ ተወካይ ቢመርጡ ለመዋዋልም ለመጠየቅም ይቀላቸዋል።

ባለእርሻውም ቢሆን ክፍያን በጊዜ መፈጸሙ፣ ንጹሕ ውኃና አጎበር ማቅረቡ ለቀጣዩ ዓመት ሠራተኛ የማግኘት ዋስትናው ነው። ሠራተኛ ወሬ ይቀባበላል፤ ሂሳብ የሚያጓትት እርሻ በአጨዳ ሰዓት ባዶውን ይቀራል።

ቤተሰቡ ደግሞ የልጁን ደብተር ጀርባ ተጠቅሞ የሠራበትን ቀን፣ የተቀበለውን ብርና ያን ዕለት የእህሉን ዋጋ ቢጽፍ፣ የራሱን ዓመት መተንበይ ይችላል። ነሐሴ ላይ የቀን ድካሙ ከአምናው ያነሰ እህል እየገዛለት መሆኑን ያየ ሰው ዘሩን ለብቻው ያስቀምጣል፤ ለድግስ ከመበደር ይቆጠባል፤ የሚሸጥ በግ ካለውም ዋጋ ሳይወድቅ ይሸጣል። አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ማለት ይኸው ነው።

ቀጣዩ የመኸር ምርት ግምገማ ሲካሄድ የግምገማ ቡድኑ ማሳ ከማየት ባሻገር የቀን ሠራተኛው ወደሚቆምበት አደባባይ ጎራ ቢል ይጠቅመዋል። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ «ዛሬ ስንት ይከፈላል? በዚህ ወር ስንት ቀን ሠራህ?»። መልሱ በመዝገብ ሲሰፍር ትንበያው መሬት የሌለውንም ቤተሰብ ይዞ ይወጣል።